አበረ ያልመታው ሚስማር

«አንተ ፋቂ! ውጣ እስቲ!»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር፣ ከእትዬ ሽታዬ ፎቅ ግድግዳ ጋር ተያይዘው በተሠሩት የቆርቆሮ ሱቆች ፊት መንገዱ ሁሉ ቀጥ አለ። ተሳፋሪ የሚጠራው ባለባጃጅ ጥሪውን አቋረጠ። ከማዶ ሰልባጅ ልብስ የሚያራግፈው ፈሐድ ሹራብ በእጁ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ጫማ ሰፊው አበረ ወስፌውን ከቆዳው ሳይነቅል ቀና ሲል በሩን ሞልቶት የቆመው ይታያል ነው፤ የባለፎቋ የእትዬ ሽታዬ ልጅ፣ የእስከዳር ታላቅ ወንድም።

«የሠራህላት የስኬቲንግ ጫማ ትናንት ሕዝብ ፊት ተገንጥሎ ጣላት! እጇ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል! ሆን ብለህ ነው! አላገኛትም ስትል ጊዜ ልትሰባብራት!»

አበረ ከዚያ ሁሉ ናዳ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የቱ እጇ?» አለ።

«አንተን ምን አገባህ የቱ እጇ! እናቴ ብላለች፤ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ለቀህ ትወጣለህ። የፋቂ ልጅ ከፎቃችን ሥር አይቀመጥም። ድሮም ዓይንህ አላማረኝም።»

ስድቡን ሁሉ መንገደኛው እንደ ጨዋታ ሲሰማ ቆይቶ ነበር። «ዓይንህ» ሲባል ግን በዚያ የምታልፍ አንዲት እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው። አበረ አየ። ከይታያል ጩኸት ሁሉ ይልቅ ያቺ የነጠላ ጫፍ አንገበገበችው።

አባቱ ከሮብ ገበያ ወዲያ ባለች መንደር ቆዳ ሲያለፉ ኖረው ሞቱ። የአገሩ ሰው እሳቸው ባለፉት አጎዛ ላይ ይተኛል፤ እሳቸው በቆረጡት ጠፍር አልጋውን ይወጥራል፤ ሠርግ ሲሆን ግን ከዳሱ ውጪ ለብቻቸው ነበር የሚያስቀምጣቸው። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰ፣ ከተማ ገባ፣ ሱቅ ተከራየ። ለካ ስድቡም ከኋላው በእግሩ ሲከተለው ኖሯል።

«ይታያል፣» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ያን ጫማ ገና አልጨረስኩትም ነበር።»

«ተገኘህ! ሰማችሁ? ሳይጨርስ ነው የሰጣት! በአፉ አመነ!»

ይታያል አጨብጭቦ ሄደ። አበረ የቆመበት ቀረ፤ እውነቱን ተናግሮ ውሸታም የሆነ ሰው የሚሰማው ንዴት ከእግር እስከ ራሱ እያቃጠለው።

*

እስከዳር ወደ ሱቁ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር። ከፈሐድ ሰልባጅ መሀል ያገኘችውን ነጭ ቡትስ ጫማ ታቅፋዋለች። ከሶሉ ሥር ረጅም ብረት ተገጥሞለታል፤ በውጭ አገር በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ዓይነት። ፈሐድ ከማዶ እየሳቀ፣

«እህቴ፣ ያን ይዘሽ ወይ ሥጋ ቤት ክፈቺ፣ ወይ በረዶው እስኪመጣ ጮቄ ተራራ ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ!» ይላታል።

እሷ ግን ወደ አበረ ዞረች። «ቢላውን ንቀልልኝና ይህን ግጠምልኝ» ብላ ከአሮጌ የስኬቲንግ ጫማዋ የፈታችውን ባለ አራት ጎማ ሻንሲ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አሮጌው ምን ሆነ?»

«ቁርጭምጭሚቴን አይዝልኝም። እኔ እንደ ወንዶቹ አስፋልት ላይ መሮጥ አይደለም የምፈልገው። መዝለል ነው። አየር ላይ ዞሬ መውረድ።»

«ስትወርጂስ?»

«ጫማው ካልተነቀለ እቆማለሁ። ከተነቀለ አንተን እከሳለሁ።»

ሳቀች። አበረም ሳቀ። በዚያ ቀን ክስ የሚባለው ነገር መሳቂያ ነበር።

ያን ጫማ ሁለት ቀን ሙሉ አጠናው። ብረቱ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ነበረው፤ ሞላላና ክብ። ሞላላዎቹ ጠርዝ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባው ቪቴ ግራና ቀኝ የተንሸራተተበት ጭረት ይታያል። ክቦቹ ጋ ምንም ጭረት የለም። የሠራውን ሰው አያውቀውም፤ አገሩንም አያውቀውም፤ ነገር ግን እጁን አነበበው። ሰውየው በመጀመሪያ በሞላላዎቹ ብቻ አስሮ ለባለቤቱ ሰጥቷል። ባለቤቱ ሞክሮት ተመልሷል። ያዘነበለውን አቃንቶ፣ ብረቱ ትክክለኛ ቦታውን ሲያገኝ በክቦቹ ዘግቶታል። አበረ ሻንሲውን በዚያው አኳኋን በሳው። ውሃ የበላቸውን የሶሉን ቀዳዳዎች የቆዳ ስንጥር በማስቲሽ እየነከረ ደፈናቸው፤ እስኪደርቁም ጠበቀ።

«አራት ቪቴ ብቻ ነው ያሰርኩት» አላት ስትመጣ። «ሦስት ቀን ቀስ ብለሽ ተንሸራተቺበት። መዝለል የለም። ከዚያ ተመለሺ፤ እግርሽ ወደየት እንደሚያዘነብል አይቼ አቃንቼው በስድስት ቪቴ እዘጋዋለሁ። ደግሞ ሁልጊዜ ከማድረግሽ በፊት ጫማውን በጉልበቶችሽ መሀል ይዘሽ ጎማውን ጠምዝዢው። ከተነቃነቀ አትውጪበት።»

«አበረ፣ እንደ ሐኪም ነው እኮ የምታወራው።»

«በሽተኛዋ ከሰማችኝ ምን አለበት።»

ጫማውን ሊያጠልቅላት ጎንበስ ብሎ እግሯን ያዘ። ጣቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አረፈ። እሷ የምታየው የተጎነበሰ ራሱን ነበር፤ እሱ የሚያየው የጫማውን ክር። ክሩን ለማሰር ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር።

ሦስት ቀን አለፈ። አራተኛው አለፈ። ሳምንት ሆነ። እስከዳር አልመጣችም። ከሱቁ እስከ እናቷ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። አበረ ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። «አፍራብኝ ነው» ይላል ብቻውን። «አባቴን ሰምታ ነው።» እንዲህ ሲል እሷን ይቆጣና፣ ወዲያው ደግሞ ራሱን ይቆጣል።

እሷ ከመውደቋ በፊት አንድ እሁድ አልቻለም። መንገዱ ለስፖርተኞች ወደሚዘጋበት አስፋልት በማለዳ ወጣ። እስከዳር በነጩ ጫማ እየተንሳፈፈች መጣች። አየችው። አንድ ነገር ልትል የፈለገች መሰለ። ከዚያ ፊቷን በር እንደሚዘጋ ሰው አዙራ አለፈችው። «ቪቴው ገና ነው፣ አትዝለዪ!» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ኩራት ይሁን ኀፍረት፣ የሆነ ነገር ቃሉን ከጉሮሮው መልሶ ዋጠበት። ጥፋቴ ነው ብሎ የሚቆጥረው ያችን ዝምታ ብቻ ነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ተሰበሰበ ተብሎ አበረ ወደ ፎቁ ተጠራ። ሽማግሌው ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቀበሌ ጸሐፊ፣ የእትዬ ሽታዬ የክርስትና ዘመድ። ይታያል ከእናቱ አጠገብ ሶፋ ላይ ተደላድሏል። ለአበረ ከበሩ ሥር ዱካ ተቀመጠለት። ለሁሉም ለስላሳ በብርጭቆ ቀረበ። ለእሱ በወረቀት ኩባያ፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ከነኩባያው የሚጣል። አልነካውም። እስከዳር ከጓዳው በር ተደግፋ ቆማለች፤ ግራ እጇ በጀሶ፣ ዓይኗ ወለሉ ላይ። አበረ የተሰበረው የትኛው እጇ እንደሆነ ያወቀው ገና አሁን ነው።

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ፣ «ነገር አናብዛ። አጠፋሁ በል። እትዬ ሽታዬም ሆደ ሰፊ ናት፤ ቤቱን ትተውልሃለች።»

«ምን አጠፋሁ ልበል፣ ጋሼ?»

«አዩ? ትዕቢቱን አዩ?» አለ ይታያል።

«አንተ ቆይ» አሉት ሽማግሌው። «ልጄ፣ ጫማው ተነቅሏል። ልጅቷ ወድቃለች። ሠሪው አንተ ነህ። ሌላ ምን ይባላል?»

«ጫማውን አሳዩኝ።»

«ጥዬዋለሁ!» አለ ይታያል ፈጠን ብሎ።

«አልጣልከውም» የሚል ድምፅ ከጓዳው በር መጣ። «አልጋዬ ሥር ነው።»

እስከዳር ገብታ ወጣች። የቀኙን ጫማ በክሩ አንጠልጥላ አመጣችና አበረ ፊት ወለሉ ላይ ጣለችው። «ያውልህ ሥራህ» አለችው። በእነዚያ ሁለት ቃላት ውስጥ የነበረው ምሬት አበረን ከወንድሟ ስድብ ሁሉ በላይ ወጋው።

ጫማውን አነሳ። ገለበጠው። ይታያል በሶፋው ላይ አቀማመጡን እስኪቀያይር ድረስ መረመረው። ከፊት በኩል ሁለቱ ቪቴዎች እንዳሰራቸው አሉ። ከተረከዙ በኩል ግን የእሱ ቪቴዎች የሉም። ሻንሲው ተንጋዶ ተንጠልጥሏል፤ በክብ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀሩት ነገሮች በነጭ ቀለም ተሸፍነዋል። አንዱን በጥፍሩ ፋቀው። አንጸባረቀ።

«እትዬ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እርስዎ ሃያ ዓመት ብረታ ብረት ሸጠዋል። እስቲ ይህን ይዩልኝ። ቪቴ ነው?»

እትዬ ሽታዬ ለመጠየፍም ጊዜ አላገኙም፤ ሥራቸው ቀደማቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። «ሚስማር ነው» አሉ። «አጭሩ የእንጨት ሚስማር። ከኛ ሱቅ…» ብለው አልጨረሱትም።

«ቪቴ ጥርስ አለው፤ ቆዳውን ነክሶ ይይዛል። ሚስማር ልሙጥ ነው። ስትንሸራተት ይላላል፣ ዘላ ስታርፍ ይወጣል። በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፣ እኔ በዚህ ጫማ ላይ መዶሻ አንስቼ አላውቅም!»

እስከዳር ከበሩ ተላቀቀች። «አንተ አይደለህም እንዴ ጨርሰህ የላክህልኝ?»

«መቼ?»

«በሦስተኛው ቀን! ወደ ሱቅህ እንዳልመጣ ስከለከል ጊዜ በወንድሜ ላክሁልህ! ጫማው ውስጥም ደብዳቤ…» ቃሉ አመለጣትና ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ግን አላቆመችም። «ደብዳቤ አድርጌ ነበር። ጫማው በማግስቱ ተሠርቶ መጣልኝ፤ መልስ ግን የለበትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስህ ዝምታ ነው ብዬ…»

«እስከዳር፣ ጫማውም ወደ እኔ አልተመለሰም። ደብዳቤም አላየሁም።»

ልጅቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ነበር የምትለው።

«ይታያል» አለችው።

ስሙን ባዶውን ሲሰማ ፈንድቶ ተነሳ። «እና ምን ላድርግ? በረንዳ ላይ ቆሜ እግርሽን ይዞ ሲያሻሽ አየሁ እኮ! ፋቂ! መልሼ ወስጄ ለእሱ ልስጠው? የተረከዙን ቪቴዎች ፈታሁና ሦስት ሚስማር መታሁ፤ አለቀ! ይህን ለመሥራት ፋቂ ያስፈልጋል? ደብዳቤሽንም አንብቤ ቀደድኩት! ለአንቺ ብዬ ነው!»

«ለእኔ ብለህ?» ጀሶዋን ከፍ አድርጋ ፊቱ ላይ ደቀነችው። «ይህንንም ለእኔ ብለህ? አውቀህ፣ በገዛ እጅህ ሠርተህ፣ ሄደህ በሰው ላይ ስትጮህ አፍህ አልተሳሰረም?»

እትዬ ሽታዬ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ሲፈሩት የነበረው ዝምታ መጣ። ግን የአገሩ ሽማግሌ ለዝምታ መድኃኒት አያጣም፤ ወዲያው እጃቸውን አፋተጉ።

«እሰየው! እውነቱ ወጣ። ልጅ ነው፣ ተሳሳተ። በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ። በል ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለው።»

«ቤቱንም አትለቅም» አሉ እትዬ ሽታዬ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «በቃ፣ ይቅር።»

ይታያል ቅር እያለው አንድ እጁን ዘረጋ። አበረ ከዱካው ተነሳ። ሁሉም ሊሳሳሙ ነው ብለው ቀና አሉ።

«አይሆንም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ በል ሲሉኝ ማስረጃ አልጠየቁም። አሁን ደግሞ ይቅር በል ሲሉኝ ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። እኔን የሰደበው መንገድ ላይ ነው። ስሜን ያጠፋው ባለባጃጁ እየሰማ፣ ደንበኞቼ እየሰሙ ነው። ስለ ዓይኔ ሲናገር ሰምታ ልጇን በነጠላ የሸፈነች እናት አለች፤ የዛሬን ነገር ማን ይነግራታል? ስድቡ አደባባይ፣ ይቅርታው ሳሎን? አልቀበልም! የሰደበኝ ቦታ ቆሞ፣ በሰደበኝ ድምፅ ልክ ይናገር። ከዚያ እንሳሳማለን። እሱን ካልቻለ ቤታችሁን ውሰዱት፤ እኔ ሱቅ ሳይኖረኝም ጫማ እሰፋለሁ።»

ከበሩ ሊወጣ ሲል እስከዳር መንገዱ ላይ ነበረች። ዓይኗ ሞልቷል። አንድ ቃል እየጠበቀች እንደነበር ያስታውቅ ነበር። አበረ ያን ቃል ይዞት ነበር፤ ቁጣው ግን ቀደመው።

«አንቺም አመንሽ» አላት። «አራት ቀን ሙሉ እኔ ነኝ ብለሽ አመንሽ።»

አሸንፎ ወጥቷል፤ ደረጃውን ግን እንደ ተሸናፊ ወረደ።

*

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት እስከዳር ከደንበኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ፊቷ ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

«ምነው በጠዋት?» አላት።

ወንበሩ ላይ ቆመች።

«ስሙኝ!» ብላ ጮኸች። ባለባጃጁ ዞረ። ባለሱቆቹ ከየበራቸው ብቅ አሉ። «ሰኞ ዕለት ወንድሜ እዚህ ቆሞ ሲሳደብ ሰምታችኋል አይደል? አሁን ደግሞ እኔን ስሙኝ! የተነቀለው ጫማ የአበረ ሥራ አይደለም! አበረ ያሰረውን ፈትቶ ሚስማር የመታው ይታያል ነው! የገዛ ወንድሜ! አበረ ከማድረግሽ በፊት ጠምዝዢው ብሎኝ ነበር፤ እኔም ተናድጄበት አላየሁትም፤ ያ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው! ሰማችሁ?»

«ሰምተናል፣ እህቴ!» አለ ፈሐድ ከማዶ። «ገና ያልነቃ ካለ ግን ድገሚለት።»

«እደግመዋለሁ! ይታያል ራሱ ወርዶ በአፉ እስኪናገር ድረስ በየሰዓቱ እደግመዋለሁ! ከዚህም አልነሳም!»

ከላይ በረንዳው ላይ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ሽታዬ ብቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ግቢ! አታዋርጂን!» አሉ።

«መዋረድማ ትናንት ተዋርደናል እማዬ! አሁን እየታጠብን ነው!»

አበረ እጇን ይዞ ከወንበሩ አወረዳት። «እስከዳር፣ በቃሽ። ብርድ ነው፤ የተሰበረው እጅሽ ያምሻል። ግቢ።»

«አልገባም! አንተ ደግሞ!» አሁን ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይኗ እንደ እሳት። «አመንሽ አልከኝ። አዎ፣ አመንኩ! መልስ የተነፈገ ሰው ምን የማያምን አለ? አንተስ? አፍራብኝ ነው ብለህ አላመንክም? ሠላሳ እርምጃ መጥተህ፣ ‹ሚስማር ስንት ነው?› ብለህ እንኳ ልታየኝ አትችልም ነበር? ያን እሁድ አይተኸኝ ለምን አልጮህክብኝም? ለምን ‹ቁሚ!› አላልከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«በማንነቴ እንዳትንቂኝ።»

«እኔ?» ድምጿ ተሰበረ። «ያን ደብዳቤ እኮ አንድ ሌሊት ሙሉ ነው የጻፍኩት፣ አበረ! ከነማንነትህ ነው የጻፍኩልህ! የአባትህን ሥራ ያወቅሁት ጫማውን ከማምጣቴ በፊት ነው። ገበያ ውስጥ ላንተ የሚቆጣ ሰው ጠፍቶ እኔ ብቻዬን በልቤ ስቆጣ ነው የኖርኩት!»

የአበረ አባት ከዳሱ ውጪ ሲያስቀምጧቸው ቁጣቸውን ከምግቡ ጋር እየዋጡ ነበር የኖሩት። እሱም ያንኑ ወርሶ፣ ትምህርት ቤትም፣ ቤት ሲከራይም፣ እዚህ ሱቅም ለብቻው ሲውጠው ነው ያደገው። ትናንት ሳሎን ውስጥ ሲናገር እንኳ ብቻውን ነበር። ስለ እሱ የሚቆጣ ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቦ አያውቅም። አሁን አንዲት ሴት በተሰበረ እጇ፣ በገዛ እናቷ ደጅ፣ ከእሱ ቁጣ የበለጠ ቁጣ ይዛ ቆማለች። ዓመታት የተሸከመው ነገር ከደረቱ ላይ በአንድ ወገን ሲነሳለት ተሰማው። ማልቀስ አማረው፤ ሳቅም መጣበት።

ፎቁ ላይ መጋረጃው ተዘጋ። ይታያል አልወረደም። መንገደኛው ግን አልሄደም፤ ሁሉም ወደ በረንዳው አንጋጦ ቆሟል።

«ግቢ ብትለኝም አልገባም» አለች እስከዳር እንባዋን በጀሶው ጫፍ እየጠረገች፣ ተመልሳ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠች። «ቢመሽም አልነሳም። እስኪናገር ድረስ አልነሳም አልኩ እኮ!»

አበረ ሱቁን ክፍት ትቶ ወጣና ከጎኗ ተቀመጠ።

«አትነሺ» አላት።